ልጅ በወባ ሲንፈራገጥ፦ ከባጥሐ ስልክ የምታነሣ እናት ልታውቀው የሚገባ

በዚህ እትም የጤና ትምህርት ዓምዳችን የምንነጋገረው በሕፃናት ጭንቅላት ላይ ስለሚወጣ ወባና እርሱ ስለሚያመጣው መንፈራገጥ ነው። ሪያድ ተቀምጠን ስለ ወባ መነጋገራችን የሚያስገርማት እኅት ብትኖር አንፈርድባትም፤ በዚህ ከተማ የወባ ትንኝ የምታሳስበን አይደለችም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ለእናቶቻችን፣ ለእኅቶቻችንና ለአክስቶቻችን ትተን የመጣነው ከደምቢያ፣ ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከፎገራ፣ ከጃዊና ከመሳሰሉት ወባ ያለባቸው ቦታዎች ነው። ልጁ እዚያ ነው፤ ምን ይደረግ ተብላ በስልክ የምትጠየቀው እናት ደግሞ እዚህ ናት። ስለዚህ ትምህርቱ እዚያ ላሉት ብቻ ሳይሆን ለእኛም ያስፈልገናል።

“ያንቀጠቅጠዋል” ሲሉን

ከመካከላችን አንዲት እኅት ስሜ አይጻፍ እንጂ ታሪኩ ይነገር ብላ ስለፈቀደችልን እንጽፈዋለን። ወደዚህ የመጣችው ልጇን በአራት ዓመቱ ለእናቷ ትታ ነው። ቤተ ሰቧ የሚኖሩት በመተማ በኩል ነው። አንድ የኅዳር ምሽት ማዳሟ እንግዳ ነበረባትና ወጥ ቤት ዕቃ እያጠበች ሳለች በኢሞ ተደወለላት። እናቷ “ልጁ ትኩሳት ይዞት ያንቀጠቅጠዋል” አሏት። እርሷም በልጅነቷ የምታውቀው የወባ ብርድ መስሏት “ጋቢ ደርቡለት፣ ነገ ጤና ኬላ ውሰዱት” ብላ ስልኩን ዘጋች፤ ማዳሟ እየጠራቻት ነበርና።

እናቷ ሊሉ የፈለጉት ግን ሌላ ነበር። የልጁ ዓይን ተሰቅሎ፣ ጥርሱ ገጥሞ፣ ግራ እጁና ግራ እግሩ ይርገበገብ ነበር። ጋቢ ተደረበለት። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ተመላለሰበት። ጎረቤት መጥቶ ክብሪት ጭሮ አሸተተው። ጤና ጣቢያ የደረሰው በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ያውለዋል። የወባ ብርድም ያንቀጠቅጣል፣ ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባም ያንቀጠቅጣል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በብርድ የሚንዘፈዘፍ ልጅ ጥርሱ ቢንቀጫቀጭም ስሙን ሲጠሩት ይሰማል፣ እናቱን ያያል፣ ያለቅሳል፣ ውኃ ስጡኝ ይላል። የሚንፈራገጠው ልጅ ግን አይሰማም። ዓይኑ ወደ ላይ ወይም ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ ሰውነቱ ይገተራል፤ እጅና እግሩ በተመሳሳይ ምት ይወራጫል፤ አንዳንዱም አረፋ ይደፍቃል፣ ሽንቱ ያመልጠዋል። ካቆመ በኋላም ወዲያው አይነቃም። በዚህ ጽሑፍ የመጀመርያውን መንዘፍዘፍ፣ ሁለተኛውን መንፈራገጥ እያልን እንለያቸዋለን።

ስለዚህ ከአገር ቤት “ያንቀጠቅጠዋል” የሚል ስልክ ሲመጣ መጀመርያ የምንጠይቀው “ስሙን ስትጠሩት ይሰማል? እናንተን ያያል?” ብለን ይሁን። ቀጥሎ “ይጠጣል ወይስ የጠጣውን ሁሉ ያስመልሰዋል?” እንበል። ኢሞ የሚሠራ ከሆነ ስልኩን ወደ ልጁ ፊት ያዙሩልን። ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ ክፉ መልስ ካገኘን የምንለው ቃል “አሁኑኑ ይዛችሁ ውጡ” የሚል ነው። የማይጠባ፣ የማይጠጣ፣ ሁሉን የሚያስመልስ፣ የተንፈራገጠ ወይም የፈዘዘ ሕፃን በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ዘንድ የአደጋ ምልክት ያለበት ተብሎ ወደ ላይ የሚላክ ነው።

አንድ ስውር ነገርም አለ። ጭንቅላቱ ላይ ወባ የወጣበት ሕፃን ሁልጊዜ በግልጽ አይወራጭም። አንዳንዱ ዝም ብሎ የተኛ ይመስላል፤ ተጠግተው ሲያዩት ግን የከንፈሩ ጫፍ ወይም አንድ ጣቱ ብቻ ይርገበገባል፤ ዓይኑ ወደ ጎን ይቅበዘበዛል፤ ለሀጩ ይዝረበረባል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ይህም መንፈራገጥ ነው። “ተኝቷል፣ አሁን ተሻለው” የሚል ወሬ ሲነገረን ቀስቅሱት እንበል። ካልተቀሰቀሰ እንቅልፍ አይደለም።

ወባው አንጎል ውስጥ ምን ያደርጋል?

በአገራችን በብዛት ያሉት የወባ ተሕዋስያን ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ይባላሉ። ጭንቅላት ላይ ወጣ የምንለውን ሕመም የሚያመጣው በአብዛኛው ፋልሲፓረም ነው። ይህ ተሕዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሲያድግ ሕዋሱን ተለጣፊ ያደርገዋል። የተለጠፉት ሕዋሳት በአንጎል ውስጥ ያሉትን እጅግ የቀጠኑ የደም ሥሮች ይዘጋሉ። የመስኖ ቦይ በደለል ሲደፈን ከታች ያለው ማሳ ውኃ እንደሚያጣ፣ አንጎሉም አየርና ስኳር ያጥረዋል፤ ያብጣልም። ትናንት ሲጫወት የዋለ ልጅ ዛሬ ማታ ራሱን ሊስት የሚችለው ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የስኳር ማነስ ይጨመራል። የታመመ ሕፃን አይበላም፤ ተሕዋሱ ራሱ ስኳር ይበላል፤ ጉበቱም እንደ ወትሮው ስኳር አያዘጋጅም። የደሙ ስኳር ሲወርድ ይህ ብቻውን ልጁን ያንፈራግጠዋል። መንፈራገጡ ደግሞ የቀረውን ስኳርና አየር ይጨርሳል። ልጁን ከዚህ አዙሪት ማውጣት የሚቻለው ደም መርምሮ ግሉኮስ በደም ሥር በሚሰጥበት ቦታ ነው።

በደጋና በወይና ደጋ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን ስለማያውቃት ጉዳቱ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1958 ክረምት ተነሥቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የቆየው የኢትዮጵያ ወረርሽኝ ብዙውን ጊዜ ወባ በማይደርስባቸው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባሉ ቦታዎች ሳይቀር ገብቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና ወደ 150,000 ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ይህ የአያቶቻችን ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ነበሩ። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ኩሬው ሲቀር ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። ከበልግ ዝናብ በኋላም ጥቂት ይመለሳል።

መንፈራገጡን ማቆምና ልጁን ማዳን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሕፃን ሲንፈራገጥ ያየ ሰው ልቡ የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ነገር አቁሙልኝ። መመኘቱ ትክክል ነው። ረጅም መንፈራገጥ አንጎልን ይጎዳል፤ ስለዚህ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ዳያዜፓም የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ቀስ አድርጎ ወይም በፊንጢጣ ይሰጣል። ልኩ በልጁ ክብደት ይሰላል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ካላቆመ ሊደገም ይችላል። ነገር ግን ይህ መድኃኒት ሲበዛ ትንፋሽን ያዳክማል። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ከሰጡ በኋላ አጠገቡ ቆመው ትንፋሹን የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። “ለምን ሌላ መርፌ አይጨምሩለትም?” እያሉ ነርሷን የሚያስጨንቁ ዘመዶች በየጤና ጣቢያው አሉ፤ እኛም በስልክ ሆነን ተው ማለት እንጂ ማገዝ የለብንም።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። በኬንያ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በኪሊፊ ሐኪሞች መልካም የመሰለ አሳብ አስበው ነበር። ጭንቅላቱ ላይ ወባ የወጣበት ሕፃን ከግማሽ በላይ ጊዜ ሆስፒታል ከገባም በኋላ ስለሚንፈራገጥ፣ ገና ሲገባ ፌኖባርቢታል የተባለውን መድኃኒት በአንድ ትልቅ መርፌ ብንሰጠው ባልተንፈራገጠ፣ በዳነም ነበር አሉ። 340 ሕፃናትን በዕጣ ከሁለት ከፈሉ። ለ170ው መድኃኒቱ፣ ለ170ው መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተሰጠ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተንፈራገጡት ከመቶ 27 ከመሆን ወደ 11 ወረዱ። መንፈራገጡ በእርግጥ ቀነሰ። ነገር ግን መድኃኒቱን ካገኙት 30 ሞቱ፤ ካላገኙት የሞቱት 14 ናቸው። ሞቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ይልቁንም በፌኖባርቢታሉ ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ ዳያዜፓም የተጨመረላቸው እጅግ ተጎዱ። የልጆቹ ሰውነት ጸጥ አለ፤ ትንፋሻቸውም አብሮ ጸጥ አለ።

ከዚህ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በከባድ ወባ ለታመመ ሕፃን መንፈራገጥ እንዳይመጣበት ተብሎ አስቀድሞ መድኃኒት እንዳይሰጥ ይመክራል። ሲመጣ ብቻ፣ በልኩ ይታከማል። ይህ ምርምር ለሐኪሞች ብቻ የተጻፈ ይመስላል፤ እኛ ግን በርቀት ላለች እናት የሚሆን ትልቅ ነገር እናይበታለን። የልጁ ሰውነት መወራጨት ማቆሙ የልጁ መዳን አይደለም። ሕመሙ በደሙ ውስጥ ነው፤ የሚያድነውም ወባውን የሚገድለው መድኃኒት፣ ስኳሩና ትንፋሹን የሚጠብቅለት ሰው ነው።

ወባውን የሚገድለው መድኃኒት አርቴሱኔት ይባላል። ድሮ ለከባድ ወባ ይሰጥ የነበረው ኩዊኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ትልቅ ጥናት በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 5,425 ሕፃናት ታክመው፣ ኩዊኒን ከወሰዱት ከመቶ 10.9፣ አርቴሱኔት ከወሰዱት ከመቶ 8.5 ሞቱ። በአርቴሱኔት ከታከሙት መካከል የተንፈራገጡትም አነሱ። እንግዲህ ከሁሉ የተሻለው የመንፈራገጥ መከላከያ ወባውን ቶሎ መግደል ሆነ ማለት ነው። አርቴሱኔት በመርፌ ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ይሰጣል፤ ከዚያም ልጁ መዋጥ እስኪችል በቀን አንድ ጊዜ። ሲነቃ ደግሞ እንደ ኮአርተም ያለውን የሚዋጥ መድኃኒት ሦስት ቀን መጨረስ አለበት። “ዓይኑን ገልጧል፣ ምግብም ጠይቋል” ተብሎ ከአልጋ አንሥተው ወደ ቤት የሚወስዱ አሉ። እዚህ ላይ “ኪኒኑን ጨርሳችሁ ነው ወይ የምትወጡት?” ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር መልካም ነው፤ ያ ሰው እናቱ ትሁን።

መንገዱ ሩቅ በሆነበት ቦታ፣ ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ጤና ኬላ ላይ አርቴሱኔት በፊንጢጣ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ግን ለመንገድ የሚሆን ስንቅ ነው እንጂ ሕክምናው አይደለም። በኮንጎ፣ በናይጄርያና በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በተደረገ ክትትል፣ መድኃኒቱ በየመንደሩ መሰጠቱ ብቻውን የሕፃናቱን ሞት አልቀነሰም። ከተሰጠ በኋላ ጉዞውና ሙሉው ሕክምና መከተል አለበት። ስለዚህ “ጤና ኬላ ሰጥተውታል፣ ትንሽ እንየው” የሚለውን አንቀበል።

በመጀመርያው ሰዓት

ልጁ ሲንፈራገጥ ቤት ያሉት ሰዎች የሚያደርጉት ጥቂት ነው። መሬት ላይ በጎኑ ያስተኙት፤ ከምድጃና ከድንጋይ ያርቁት፤ የአንገቱን ልብስ ያላሉ፤ ጋቢውን ያንሡለት፤ ሰዓት ይመልከቱ። አይያዙት፣ አይጫኑት። በአፉ ምንም አይግባ። ማንኪያ፣ ጣት፣ ውኃ፣ ቡና፣ ጤና አዳም፣ ኪኒን፣ አንዳቸውም። በጥርሱ መካከል የተሰካ ማንኪያ ጥርስ ይሰብራል እንጂ ምላስ አያድንም፤ የተጨመረውም ፈሳሽ ወደ ሳንባ ይወርዳል። የክብሪት ጢስ ምንም አይሠራም፤ ልጁ አየር በሚያጣበት ሰዓት ጢስ መጨመር ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም አያስፈልግም።

ባያቆምም ይነሡ፤ ካቆመም ይነሡ። መንፈራገጡ ማቆሙን ማየት የመቆያ ምክንያት አይሁን። በመንገድ ላይ በጎኑ አድርገው ይያዙት፤ ፊቱን በነጠላ አይሸፍኑት። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ጡት ይጥባ ወይም በስኳር የተበጠበጠ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። ካልነቃ ግን አፉ ባዶ ሆኖ ይሂድ።

ጤና ኬላ ላይ በጣት ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ወባ የለም ሊል ይችላል። በአገራችን በአንዳንድ ቦታ፣ በአማራ ክልልም ጭምር፣ ይህ ምርመራ የማያገኘው የፋልሲፓረም ዓይነት መኖሩ ታውቋል። የተንፈራገጠ ልጅ “ወባ የለበትም” ተብሎ ወደ ቤት አይመለስ፤ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ወባም ባይሆን ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ እርሱም የሚጠብቅ ሕመም አይደለም። ሐኪሞች ሁለቱን ለመለየት ከልጁ የጀርባ አጥንት መካከል ጥቂት ፈሳሽ መቅዳት ሊፈልጉ ይችላሉ። ቤተ ሰብ ይህን ሲሰማ ልጁ ሽባ ይሆናል ብሎ ይደነግጥና “እናቱን እንጠይቅ” ይላል። ያን ጊዜ ስልኩ ወደ ባጥሐ ይጮኻል። የልጁ ሁኔታ የሚፈቅድ መሆኑን ሐኪሙ አይቶ ካዘዘው፣ መርፌው የሚገባው ከሕብለ ሰረሰር በታች ባለው ቦታ ስለሆነ ሽባ አያደርግም። “ይቅዱለት” እንበል።

ስለ ጠበል

ብዙ እኅቶች የሚጠይቁን ይህን ነው። መንፈራገጥ በአገራችን የመንፈስ ሥራ ነው፣ የቡዳ ወይም የዛር ነው ተብሎ ስለሚታመን ልጁ መጀመርያ ወደ ጠበል ይወሰዳል። እኛ ጠበል አይጠመቅ አንልም፤ እንዴት ብለን! ነገር ግን ትኩሳት ይዞት የተንፈራገጠ የቆላ ልጅ ሰዓቱ የተቆጠረ ነው፤ አርቴሱኔቱን የሚያዘገይ ማናቸውም ጉዞ፣ ወደ መልካም ቦታም ቢሆን፣ ልጁን ይጎዳዋል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ባለ መድኃኒት እንደነበረ፣ በመጽሐፈ ሲራክም ምዕራፍ 38 ስለ ሐኪም ክብር እንደተጻፈ ታውቃላችሁ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ለኤድስ ሕሙማን የተነገረ ቢሆንም ለወባም ይሠራል ብለን እናምናለን። ራሱን የሳተ ልጅ ግን ጠበል አይጠጣ። ግንባሩን ይቀቡት፣ ይርጩት፤ በአፉ ግን አይጨምሩበት።

ከባጥሐ የሚላክና የማይላክ

ከሁሉ በላይ የሚላከው የመንገድ ብር ነው፤ እርሱም ከመስከረም በፊት። ልጁ ከታመመ በኋላ በባንክ ወይም በሐዋላ የሚላክ ብር እስኪደርስ ሌሊቱ ያልፋል፤ ጁምዓ ወይም በዓል ከሆነማ ይብሳል። በጤና ኬላ የወባ ምርመራና መድኃኒት በነፃ ነው፤ ቤተ ሰብን የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ የባጃጅ ወይም የመኪና ክፍያው ነው። ለልጃችን አያት “ይህ ለሌላ ነገር አይነካም” ብለን የምንሰጠው ብር፣ ከዚያም ጋር በሌሊት የሚነሣ አንድ ባለ ባጃጅ ስልክ ቁጥር፣ ከብዙ መድኃኒት ይሻላል። የወረዳው አምቡላንስ ቁጥርም በኛው ስልክ ላይ ይመዝገብ፤ አያት ቁጥር ለመፈለግ በሚንቀጠቀጡበት ሰዓት እኛ ልንደውል እንችላለን።

አጎበሩንም እንጠይቅ። “አለ” የሚለው መልስ አይበቃም፤ ማን ላይ ተሰቅሏል ነው ጥያቄው። በየገጠሩ አጎበር እህል ላይ ተሸፍኖ፣ ጭድ ታስሮበት አይተናል። ሌላው ቀርቶ ሰርግ ላይ መጋረጃ የሆነበትም ቦታ አለ!

የማይላከው ደግሞ ዳያዜፓምና ፌኖባርቢታል ነው። አንዳንድ እኅት የሰማችውን ስም ይዛ ባጥሐ ካሉ ፋርማሲዎች እነዚህን ስትጠይቅ፣ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ለመላክም ስታስብ ሰምተናል። እነዚህ መድኃኒቶች በሳዑዲ ዓረብያ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያሉ ናቸው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይዞ መገኘት ያሳስራል። በዚህም አያበቃም። የልጅ ክብደት ሳይለካ፣ ትንፋሽ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር በቤት የሚሰጥ ማደንዘዣ፣ በኪሊፊ በሆስፒታል ውስጥ የሆነውን በገጠር ጎጆ ውስጥ መድገም ነው። አርቴሱኔት የሚገኝበት ተክል የጭቁኝ ዘመድ ነው የሚል ወሬም አለ። ዝምድናው እውነት ነው፤ ነገር ግን የተቀቀለ ጭቁኝ ራሱን የሳተ ልጅ አያድንም።

እዚህ ሪያድ ላይ ሲያጋጥም

ለዕረፍት አገር ቤት ሄዳ የተመለሰች፣ ወይም እዚህ የተወለደ ልጅ ይዛ የሄደች እኅት፣ ከተመለሰች በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢመጣ ለሐኪሙ የት እንደነበረች ሳትጠየቅ ትናገር። በየመንና በጂዛን በኩል በእግር የመጣችውም እንዲሁ፤ የወባ መተላለፊያ ሆኖ የሚታወቀው የዚህ አገር ክፍል ያ ደቡብ ምዕራቡ ነውና። የሪያድ ሐኪም ወባን በየቀኑ ስለማያይ ላያስባት ይችላል። ቃሉ በዓረብኛም “ማላርያ” ነው፤ ትኩሳት “ሐራራ”፣ መንፈራገጥ ደግሞ “ተሸኑጅ” ይባላል።

የማዳማችን ሕፃንም በትኩሳት ሊንፈራገጥ ይችላል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ወባ ሳይኖር በትኩሳት ብቻ የሚመጣ መንፈራገጥ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። የምናደርገው ከላይ የጻፍነውን ነው፤ በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለመጨመር፣ ሰዓት ማየት፣ ወዲያው ቤተ ሰቡን መጥራት። ማንም ከሌለ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ በ997 ይጠራል። የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት በወረቀት መጻፍ ለሐኪሙ ይጠቅማል፤ በኋላ “ምን አድርገሽው ነው?” ለሚል ጥያቄም መልስ ይሆነናል።

ከዳነ በኋላ

ከዚህ ሕመም የተረፈ ልጅ ሁሉ እንደ ቀድሞው አይሆንም። በማላዊ ብላንታየር ከጭንቅላት ወባ የተረፉ 132 ሕፃናት ከሌሎች 264 ሕፃናት ጋር ተነጻጽረው ለረጅም ጊዜ ሲከታተሏቸው፣ ከተረፉት መካከል 12ቱ የሚጥል በሽታ ያዛቸው፤ ከሌሎቹ አንድም አልተያዘም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ነው። አንዳንዱ ደግሞ መስማት ይቸግረዋል፣ ንግግሩ ይዘገያል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል፣ ወይም ቀድሞ ጨዋ የነበረው ልጅ ቁጡና ነውጠኛ ይሆናል። ልጇን ለዓመታት ያላየች እናት ይህን በኢሞ አታየውም። “ደኅና ነው” ከሚለው አልፈን ትምህርት ቤት ምን እንደሚሉ፣ ከጀርባው ሲጠሩት ዞር ይል እንደሆነ፣ ትኩሳት ሳይኖር ዓይኑን የሚሰቅልበት ጊዜ እንዳለ እንጠይቅ።

ትኩሳት ሳይኖር የሚደጋገም መንፈራገጥ የሚጥል በሽታ ነው፤ መድኃኒትም አለው። እዚህ ላይ ያ ፌኖባርቢታል እንደገና ይመጣል። በትልቅ መርፌ ለራሱን የሳተ ሕፃን ሲሰጥ የጎዳው መድኃኒት፣ በሐኪም ልክ በየቀኑ በጥቂቱ ሲዋጥ የሚጥል በሽታን ይቆጣጠራል፤ በአገራችንም በርካሽ የሚገኝ ነው። ነገር ግን በድንገት ከተቋረጠ መንፈራገጡ በርትቶ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሳያልቅ አስቀድሞ መግዣው መላክ አለበት።

በመጀመርያ ታሪኳን የነገርናችሁ እኅት ልጅ ተርፏል። በጤና ጣቢያው ስኳሩ ወርዶ ተገኘ፤ ግሉኮስና አርቴሱኔት ተሰጠው፤ ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ በሦስተኛው ቀን አያቱን በስማቸው ጠራ። ከስምንት ወር በኋላ ግን ትኩሳት ሳይኖረው ከብት ሲጠብቅ ወደቀ። ሁለተኛም ሦስተኛም ወደቀ። ቤተ ሰቡ ለእናቱ እንዳትጨነቅ ብለው ደብቀው ነበር፤ የሰማችው ከጎረቤት ነው። አሁን በየምሽቱ አንድ ኪኒን ይውጣል፤ ከወደቀም ከዓመት በላይ ሆኖታል። እርሷም ማታ ዕቃዋን ጨርሳ ስትደውል መጀመርያ የምትጠይቀው “በላ ወይ?” ብላ ሳይሆን “ዋጠ ወይ?” ብላ ነው። ልጁም ስልኩን ተቀብሎ አፉን ከፍቶ ያሳያታል።